ብርሃንን ደርቦ መጫን፦ ከኤዲሰን የቴሌግራፍ ሽቦ እስከ ዛሬው ፋይበር

ቶማስ ኤዲሰንን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በአምፖሉ ነው። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን ከአምፖሉ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1874 የሠራው ሌላ ነገር ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአንዲት የቴሌግራፍ ሽቦ አራት መልእክት በአንድ ጊዜ አሳለፈ፤ ሁለቱን ወዲያ፣ ሁለቱን ወዲህ። መሣሪያው ኳድሩፕሌክስ ተባለ። ዛሬ ውቅያኖስ ሥር በተዘረጋ ፋይበር፣ በአንድ ቀለም ብርሃን ብቻ፣ በሰከንድ መቶ ቢሊዮኖች ቢት የሚጭኑ መሐንዲሶች ቢያውቁትም ባያውቁትም ሥራቸውን የጀመሩት እሱ ካቆመበት ነው።

በዚያ ዘመን ቴሌግራፍ ማለት ኤሌክትሪኩን እያበሩ እያጠፉ ነጥብና ሰረዝ መላክ ነበር። ጆሴፍ ስተርንስ በ1872 ሁለት ቢሮዎች በአንድ ሽቦ ሳይጋጩ በአንድ ጊዜ የሚላላኩበትን ዘዴ ለሥራ አብቅቶ ነበር። ኤዲሰን ከዚህ አለፈ። ኤሌክትሪክ ለየብቻ ሊለወጡ የሚችሉ ሁለት ጠባዮች እንዳሉት አስተዋለ፤ አቅጣጫና ጉልበት። አንደኛው ኦፕሬተር ቁልፉን ሲጫን የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ ይገለበጣል። አጠገቡ የተቀመጠው ሁለተኛው ሲጫን ጉልበቱ ይጨምራል፤ አቅጣጫው ግን እንዳለ ነው። በሌላኛው ጫፍ ሁለት ሪሌዮች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሱ ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው አቅጣጫን ብቻ ይለያል፤ ኤሌክትሪኩ ይበርታ ይድከም ጉዳዩ አይደለም። ሁለተኛው በጠንካራ ስፕሪንግ ስለተያዘ ብርቱ ኤሌክትሪክ ካልመጣ አይንቀሳቀስም፤ ከየት መጣ ብሎ ግን አይጠይቅም። ሁለቱ መልእክቶች ተደርበው ይጓዙና መድረሻቸው ላይ ይለያያሉ።

በወረቀት ላይ ያማረው ነገር ሽቦው ላይ ሲወጣ ግን አንድ ጣጣ አመጣ። አቅጣጫው በተገለበጠ ቁጥር ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት በዜሮ በኩል ማለፍ አለበት። በዚያች ቅጽበት ጉልበት የሚለካው ሪሌይ የያዘውን ይለቃል፤ ማንም ያልላከው ክፍተት በመልእክቱ መካከል ይገባል። አንዱ ሲናገር ሌላው ይንተባተባል ማለት ነው። ኤዲሰን ሌላ ሪሌይ ጣልቃ አስገብቶ፣ ያቺ ቅጽበት እስክታልፍ ድረስ ስህተቱ ወደ ኦፕሬተሩ ጆሮ እንዳይደርስ አደረገ። አንባቢ ይህቺን ዜሮ በልቡ ይያዛት፤ ከ130 ዓመት በኋላ ብርሃን ውስጥ እንደገና እናገኛታለን።

ፈጠራው ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያወጣ ለመረዳት የተከተለውን ግርግር ማየት ይበቃል። ምርምሩ የተካሄደው ለቴሌግራፍ ኩባንያው ለዌስተርን ዩኒየን ቢሆንም የባቡር ከበርቴው ጄይ ጉልድ የኤዲሰንን ድርሻ በ30,000 ዶላር ገዛው። ሁለቱ ወገኖች ለዓመታት ፍርድ ቤት ተካሰሱ። የተጣሉት ስለ ሽቦ ነበር፤ አንዱን ሽቦ አራት ማድረግ የቻለ ሰው ሦስት ሽቦ ከነምሰሶው ከመዘርጋት ድኗልና።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚታየኝ ነገርም ይኸው ነው። የሞገድን ጠባዮች አደራርቦ መረጃ መጫን የሚለው ሐሳብ አርጅቷል። በየዘመኑ ወደ ሥራ የሚወጣው መንገዱ ሲጠብ፣ ደግሞም የተደረበውን የሚፈታ መሣሪያ ሲረክስ ብቻ ነው። ሁለቱ እስኪገናኙ ሐሳቡ መደርደሪያ ላይ ይተኛል፤ አንዳንዴም ለሃያ ዓመት።

ከቴሌግራፍ በኋላ መንገድ የጠበበው በስልክ መስመር ነው። የስልክ መስመር ለሰው ድምፅ ተብሎ የተመጠነ በመሆኑ የሚያሳልፈው የድግግሞሽ ስፋት ወደ 3,000 ኸርዝ የሚጠጋ ብቻ ነው። ኮምፒውተሮች በዚህ መስመር መነጋገር ሲፈልጉ መሐንዲሶቹ ስፋቱን ማሳደግ ስለማይችሉ እያንዳንዱን ምልክት ማክበድ ነበረባቸው። ሲ. አር. ካን በ1960፣ ካምፖፒያኖና ግሌዘር ደግሞ በ1962 የሞገዱን ከፍታና ፌዝ አንድ ላይ በመለወጥ መረጃ ስለመላክ ጻፉ። ፌዝ ማለት ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ የደረሰበት ቦታ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኞቻችን «ስሪ ፌዝ» ሲሉ የሚናገሩት እሱኑ ነው። ከፍታንና ፌዝን ካጣመርን እያንዳንዱ ምልክት ሁለት ስፋት ባለው ሜዳ ላይ አንድ ነጥብ ይሆናል። ሜዳው ላይ 4 ነጥብ ካለ እያንዳንዱ ነጥብ 2 ቢት ይይዛል፤ 16 ካለ 4 ቢት፤ 64 ካለ 6 ቢት። ይህ አሠራር ኳም ተባለ። ጎትፍሪድ ኡንገርቦክ በዙሪክ የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ሆኖ በ1982 ነጥቦቹን ከስህተት ማረሚያ ኮድ ጋር እንዴት እንደሚያዛምዱ አሳየ። በ1994 የጸደቀው ቪ.34 የተባለው የሞደም ደረጃም በዚያችው ጠባብ የስልክ መስመር በሰከንድ 28,800 ቢት አሳለፈ። የዘጠናዎቹን ሞደም ጩኸት የሚያስታውስ ሰው የሰማው እነዚህን ነጥቦች ለማስተካከል የሚደረገውን ድርድር ነው።

ፋይበር ግን በዚህ ሁሉ ጥበብ ውስጥ ሳያልፍ አደገ። ምክንያቱ ጥጋብ ነው።

ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም በ1966፣ እንግሊዝ ሃርሎ በሚገኘው የስታንዳርድ ቴሌኮሙኒኬሽን ቤተ ሙከራ ሆነው ብርሃንን የሚበላው መስታወቱ ራሱ ሳይሆን በውስጡ ያለው ቆሻሻ እንደሆነ ጻፉ። መስታወቱ ጠርቶ ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ከገባው ብርሃን አንድ በመቶው እንኳ ቢተርፍ ለስልክ ይበቃል አሉ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1970 ሮበርት ማውረር፣ ዶናልድ ኬክና ፒተር ሹልትዝ በኮርኒንግ ኩባንያ ያንን አልፈው ሄዱ። ዛሬ ካኦ ለአንድ ኪሎ ሜትር የተመኘው አንድ በመቶ ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ይገኛል። ስፋቱስ? ፋይበር በጣም አጥርቶ በሚያሳልፈው የቀለም ክልል ብቻ ከ4 ትሪሊዮን ኸርዝ በላይ አለ። ከስልክ መስመር ጋር ሲወዳደር ከቢሊዮን እጥፍ በላይ ነው። ይህን ሁሉ ሜዳ ያገኘ መሐንዲስ ስለ ነጥብ አደራደር ምን አስጨነቀው? ሌዘሩ ሲበራ 1፣ ሲጠፋ 0። በ1977 በቺካጎ መሀል ከተማ ሥር የስልክ ጥሪዎችን ያሳለፈው የኤቲ ኤንድ ቲ ፋይበር እንዲህ ሠራ። በ1988 አትላንቲክን ያቋረጠው የመጀመሪያው የፋይበር ኬብል ታት-8ም በሰከንድ 280 ሚሊዮን ጊዜ እያበራ እያጠፋ ከጥንቱ የቴሌግራፍ ሽቦ ጋር አንድ ዓይነት ቋንቋ ይናገር ነበር፤ ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው።

በሰማንያዎቹ ግን የተሻለ መንገድ መኖሩን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ታካኖሪ ኦኮሺ፣ በእንግሊዝ፣ በጃፓንና በአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች ቤተ ሙከራም ሌሎች፣ ኮሂረንት ስለሚባል ተቀባይ ይመራመሩ ነበር። ተራ ተቀባይ የብርሃኑን ጉልበት ብቻ ያያል። ኮሂረንት ተቀባይ ግን ራሱ አንድ ሌዘር ይይዝና ከሩቅ የመጣውን ብርሃን ከራሱ ጋር ያዋህደዋል፤ ከውህደቱም ከፍታውንም ፌዙንም ያነባል፤ ሬዲዮ የሚያደርገው ማለት ነው። ችግሩ የብርሃን ሞገድ በሰከንድ ወደ 193 ትሪሊዮን ጊዜ መወዛወዙ ነው። የሁለቱን ሌዘሮች ፌዝ በዚህ ፍጥነት አንድ ላይ አስሮ መያዝ ከባድ ነበር። በዚያ ላይ የብርሃኑ ፖላራይዜሽን፣ ማለትም ሞገዱ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ፣ ፋይበሩ በሞቀና በተነካ ቁጥር ይዞራል።

እነሱ ከዚህ ጋር ሲታገሉ በ1987 ዴቪድ ፔይንና ባልደረቦቹ በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ኤርቢየም የተባለ ንጥረ ነገር የተጨመረበት ፋይበር ብርሃንን በቀጥታ ማጉላት እንደሚችል አሳዩ። ኮሂረንት ተቀባይ ይፈለግ የነበረው በዋናነት ደካማ ብርሃን ለማንበብ ስለነበረ ማጉያው ሲገኝ ጥያቄው ራሱ ጠፋ። ያ ሁሉ ምርምር ተዘጋ። ማጉያው ደግሞ ብዙ ቀለማትን በአንድ ጊዜ ስለሚያጎላ የሁሉም ዓይን ቀለም ወደ መጨመር ዞረ። ሲየና የተባለው ኩባንያ በ1996 16 ቀለም በአንድ ፋይበር የሚጭን መሣሪያ ገበያ አወጣ። በዚያው ዓመት ሦስት የተለያዩ ቡድኖች በአንድ ኮንፈረንስ ላይ በሰከንድ 1 ትሪሊዮን ቢት ማስተላለፋቸውን አስታወቁ። የቀለሞቹ ቁጥር በዛ፤ እያንዳንዱ ቀለም ግን አሁንም መብራትና መጥፋት ብቻ ያውቃል።

ጥጋቡ ያበቃው አንድ ቀለም በሰከንድ ከ10 ወደ 40 ጊጋ ቢት እንዲያድግ ሲጠየቅ ነው። በፋይበር ውስጥ የተለያዩ ድግግሞሾች እኩል አይሮጡም፤ ስለዚህ አጭር የብርሃን ምት እየተለጠጠ ጎረቤቱ ላይ ይወጣል። ፍጥነቱ አራት እጥፍ ሲሆን ለዚህ መለጠጥ ያለው መቻቻል አራት እጥፍ ሳይሆን አሥራ ስድስት እጥፍ ይቀንሳል። በዚያ ላይ አብዛኛው ኔትወርክ ለእያንዳንዱ ቀለም የመደበው 50 ጊጋ ኸርዝ ስፋት ነው፤ የሚበራና የሚጠፋ 40 ጊጋ ቢት እዚያ ውስጥ አይገባም። መንገዱ ጠበበ፤ የሞገዱ ሌሎች ጠባዮችም ትዝ አሉ።

የ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ስለዚህ ጉዳይ ለሚያነብ ሰው በጣም አስደሳች ናቸው። በ2002 የቤል ላብስ ተመራማሪዎች 64 ቀለማትን፣ እያንዳንዱን ከ40 ጊጋ ቢት በላይ፣ 4,000 ኪሎ ሜትር አስጓዙ። መረጃውን የጻፉት በፌዝ ነው፤ ተቀባዩ እያንዳንዱን ምት ከቀዳሚው ጋር ያነጻጽራል፤ ፌዙ ከተገለበጠ አንድ ትርጉም፣ ካልተገለበጠ ሌላ። ይህ ዘዴ ከማብራትና ማጥፋት ጋር ሲወዳደር በግማሽ ብርሃን ተመሳሳይ ጥራት ይሰጣል። ሌሎች ከ2 ይልቅ 4 ፌዝ ተጠቀሙ፤ ሌሎች ደግሞ ሁለት ፖላራይዜሽን ላይ ሁለት የተለያየ መረጃ ጫኑ።

በአውሮፓ ቤተ ሙከራዎች ደግሞ ለየት ያለ ሕልም ነበር። የዳታ ጥቅሎች በየመስቀለኛው ወደ ኤሌክትሪክ ሳይቀየሩ፣ ብርሃን እንደሆኑ እንዲያልፉ ፈለጉ። ለዚህ እያንዳንዱ ጥቅል አድራሻውን የሚሸከምበት ቦታ ያስፈልገዋል። መፍትሔያቸው ጭነቱን በፌዝ፣ አድራሻውን በጉልበት መጻፍ ነበር። መስቀለኛው ላይ ያለው መሣሪያ ጭነቱን ሳይነካ የብርሃኑን ድምቀት ብቻ አይቶ አድራሻውን ያነባል፣ ይፍቀዋል፣ አዲስ ይጽፋል። ግን አድራሻው 0 ሲሆን ብርሃኑ ይጠፋል፤ ብርሃን በሌለበት ደግሞ ፌዝ የለም፤ ስለዚህ በዚያ ሰዓት የነበረው ጭነት አብሮ ይጠፋል። የኤዲሰን ዜሮ ተመልሳ መጣች። እንደ እሱ ጣልቃ የሚገባ ሪሌይ ስላልነበራቸው 0ው ሙሉ በሙሉ እንዳይጠፋ፣ ደብዘዝ ብቻ እንዲል አደረጉ። ጭነቱ ዳነ፤ የአድራሻው 0 እና 1 ግን በጣም ተቀራረቡና ለመለየት አስቸገሩ። አንዱን ባሻሻሉ ቁጥር ሌላውን ይጎዳሉ። ሁለት አጻጻፍ በአንድ ሞገድ ላይ ሲደረብ በነጻ የሚገኝ ነገር እንደሌለ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። አሠራሩ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ገበያ አልገባም፤ ብርሃንን ለአፍታ አቆይቶ የሚያሳልፍ ተስማሚ ማከማቻ አለመኖሩም አንዱ ምክንያት ነው።

መልሱ የመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነበር። በ2004 ገደማ ማይክል ቴይለር በለንደን፣ ካዙሮ ኪኩቺና ባልደረቦቹ ደግሞ በቶኪዮ፣ ሃያ ዓመት ያህል የተኛውን ኮሂረንት ተቀባይ አንስተው አቧራውን አራገፉ። ሁለቱን ሌዘሮች ማሰር አያስፈልግም አሉ። ይለያዩ፤ የመጣውን ሞገድ እንዳለ ወደ ቁጥር ለውጠን የፌዙን መንሸራተት በስሌት እናርመዋለን። የፖላራይዜሽኑን መዞር፣ የምቱን መለጠጥ፣ ሁሉንም በስሌት። የካናዳው ኖርቴል በ2008 ይህን በሽያጭ ዕቃ ላይ አደረገው። በ40 ጊጋ ቢት መስመሩ ላይ የተቀመጠው ቺፕ በሰከንድ 12 ትሪሊዮን ስሌት ይሠራል። በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ጉዞ የተለጠጠን የብርሃን ምት በመስመሩ ላይ ያለ ሌላ ማስተካከያ ሳይጠይቅ ይሰበስበዋል። በ2009 መጨረሻ ቬራይዞን በፓሪስና በፍራንክፈርት መካከል ባለው መስመሩ 100 ጊጋ ቢት በአንድ ቀለም በዚሁ ኩባንያ መሣሪያ ሥራ አስጀመረ። የሚያሳዝነው ኖርቴል ያኔ የከሰረ ኩባንያ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ከአበዳሪዎቹ የፍርድ ቤት ከለላ ጠይቋል። የፋይበር ክፍሉን ሲየና በ2010 ጠቅልሎ ወሰደው።

ከዚያ በኋላ መደበኛ የሆነው አጻጻፍ ድርብ ነበር፤ ሁለት ፖላራይዜሽን፣ በእያንዳንዱ ላይ 4 ፌዝ። በአንድ ምልክት 4 ቢት። የሃምሳ ዓመት ዕድሜ የነበረው የሞደም ጥበብ በመጨረሻ ወደ ብርሃን ገባ።

ቀጣዩ እርምጃ ቀላል ይመስላል። ከ4 ነጥብ ወደ 16 ብንሄድ በአንድ ምልክት የሚጫነው ከ4 ወደ 8 ቢት ያድጋል። ግን እያንዳንዱ ማጉያ ብርሃኑን ሲያጎላ ኖይዝ (ያልተፈለገ ሁካታ) ይጨምርበታል። ተቀባዩ ላይ ሲደርስ እያንዳንዱ ነጥብ ጥርት ያለ ነጥብ አይደለም፤ ዙሪያው የተድበሰበሰ ጉም ነው። 16 ነጥቦች በዚያው ሜዳ ሲጨናነቁ ጉሞቹ ይነካካሉ። ተመሳሳይ ጥራት ለማግኘት ሲግናሉ ከኖይዙ አንጻር አምስት እጥፍ ያህል መጥራት አለበት፤ ይህም በተግባር የሚሄድበት ርቀት በዚያው ልክ ያጥራል ማለት ነው። ስለዚህ ኔትወርክ የሚያቅድ ሰው ሁለት ጫማ ብቻ ያለው ሱቅ ውስጥ እንደገባ ሆነ፤ አንዱ በጣም ይሰፋል፣ ሌላው ይጠባል። 1,500 ኪሎ ሜትር ያለው መስመር ባለ 16 ነጥቡን አይችለውም፤ ባለ 4 ነጥቡን ግን ከበቂ በላይ ይችለዋል፤ ትርፉ ይባክናል።

ሁለት አጻጻፎችን መቀላቀል እውነተኛ ጥቅሙን ያሳየው እዚህ ላይ ነው። ለምን ሁሉም ምልክት አንድ ዓይነት ይሆናል? ምልክቶቹን በየተራ ብንቀላቅላቸውስ? ከአራት ተከታታይ ምልክቶች ሦስቱ ባለ 4 ነጥብ፣ አንዱ ባለ 16 ነጥብ ቢሆኑ በአንድ ፖላራይዜሽን አማካዩ 2.5 ቢት ይሆናል። ግማሽ ለግማሽ ከሆነ 3። መጠኑን በመለወጥ ከመስመሩ ርቀት ጋር የሚስማማውን ማግኘት ይቻላል። ዝርዝሩ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሁለቱ ዓይነት ምልክቶች በአንድ ጉልበት ከተላኩ ባለ 16ቱ አብዛኛውን ስህተት ያመጣል፣ ባለ 4ቱ ደግሞ ያለ ሥራ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ለባለ 16ቱ ጉልበት ጨምሮ የሁለቱን ስህተት ማቀራረብ ያስፈልጋል። ጥሩ ጎንም አለው፤ ባለ 4 ነጥቦቹ ለማንበብ ቀላል ስለሆኑ ተቀባዩ እነሱን እየተደገፈ የሌዘሩን የፌዝ መንሸራተት ይከታተላል። የኤቲ ኤንድ ቲ ላብስ ተመራማሪዎች በ2012 ገደማ ባለ 32ና ባለ 64 ነጥብ ምልክቶችን በዚህ መንገድ ቀላቅለው በ400 ጊጋ ቢት ደረጃ ረጅም ርቀት አስኬዱ። ማግነስ ካርልሰንና ኤሪክ አግሬል ደግሞ በስዊድን ቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ በ2009 ሁለቱን ፖላራይዜሽኖች ለየብቻ ሳይሆን እንደ አንድ ባለ አራት ስፋት ሜዳ ቢያዩአቸው ምን እንደሚሆን ጠየቁ። ከሚቻሉት 16 ጥምሮች ግማሾቹን ብቻ፣ እርስ በርስ የሚራራቁትን 8 መርጠው ጉልበትን በጣም የሚቆጥብ አጻጻፍ አገኙ።

የመቀላቀሉን ዘዴ ከገበያው ያስወጣው ከሱ የተሻለ መቀላቀል ነው። ክላውድ ሻነን በ1948 ባወጣው ሥራው መሠረት ተስማሚው ሲግናል ነጥቦቹን ሁሉ እኩል የሚጠቀም አይደለም፤ ለመሃሉ የሚያዳላ ነው። መሃል ያሉት ነጥቦች ትንሽ ጉልበት ይበላሉ፣ ዳር ያሉት ብዙ። ሰው ለጨውና ለስኳር የሰፈሩ ሱቅ ጎራ እያለ መርካቶ ለትልቅ ዕቃ ብቻ እንደሚወርድ ሁሉ፣ መሃሎቹን ዘወትር፣ ዳሮቹን አልፎ አልፎ መጠቀም በአጠቃላይ ወጪ ይቆጥባል። የዘጠናዎቹ ቪ.34 ሞደም እንኳ ይህን ያደርግ ነበር። በፋይበር ላይ ያስቸገረው አሠራሩን ከስህተት ማረሚያው ኮድ ጋር ማስማማት ነው። ይህን በ2015 ጌኦርግ ቦኸረር፣ ፋቢያን ሽታይነርና ፓትሪክ ሹልተ በሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ፈቱት። በዓመቱ ኖኪያ ቤል ላብስና ዶይቸ ቴሌኮም ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሆነው ጀርመን ውስጥ በነበረ መስመር ሞከሩት። ቀጥሎም ኖኪያና ፌስቡክ በኒው ዮርክና በአየርላንድ መካከል ባለ፣ ከ5,500 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም የባሕር ኬብል ላይ ባለ 64 ነጥብ ምልክት አሳለፉ። ይህን ያህል ነጥብ ውቅያኖስ ይሻገራል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አልነበረም። የነጥቦቹ ሥፍራ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የመጠቀሚያቸው ድግግሞሽ ነው። አንድ ቺፕ መስመሩ ሩቅ ሲሆን ወደ መሃል ይሰበሰባል፣ ቅርብ ሲሆን ይበተናል፤ በሁለቱ ጫማዎች መካከል ያለው ልክ ሁሉ ተገኘ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ሥራውን በእጃቸው የሚሠሩት ይታዘቡኛል። በምርምር ወረቀት ላይ መቀላቀል በፈቃድ ነው፤ በእውነተኛ ኔትወርክ ላይ ግን ግዴታ ነበር። ከ2010 በኋላ 100 ጊጋ ቢት የገዛ ኩባንያ የቀድሞዎቹን 10 ጊጋ ቢት ቀለማት አውልቆ አልጣለም፤ ደንበኞች አሉባቸው። ስለዚህ በአንድ ፋይበር ውስጥ የሚበሩና የሚጠፉ አሮጌ ቀለማት ፌዝ ከሚያነቡ አዳዲሶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጆን ኬር የተባለው ስኮትላንዳዊ በ1875፣ ከኤዲሰን ኳድሩፕሌክስ አንድ ዓመት በኋላ፣ ኤሌክትሪክ መስክ የመስታወትን ብርሃን የማጠፍ ጠባይ እንደሚለውጥ አስተውሎ ነበር። ብርቱ ብርሃንም ራሱ እንዲሁ ያደርጋል። አሮጌው ቀለም በበራ ቁጥር የመስታወቱን ጠባይ ይለውጣል፣ በጠፋ ቁጥር ይመልሳል፤ ጎረቤቱ ያለው አዲስ ቀለም በማያውቀው ጉዳይ ፌዙ ይንቀጠቀጣል። ቴክኒሻኖች በሁለቱ መካከል ባዶ ቦታ መተው፣ ወይም አሮጌዎቹን ወደ አንድ ጥግ መሰብሰብ ነበረባቸው። ጉልበት ቆጣቢው ኮሂረንት የተሸነፈው ለርቀት ሳይሆን ለጎረቤት ነበር።

ይኸው የኬር ጠባይ የመደረቡ ጨዋታ መጨረሻም ሆነ። በሻነን ስሌት ኖይዝ ካስቸገረ ጉልበት መጨመር ነው። በፋይበር ግን ጉልበት ሲጨምር መስታወቱ ራሱ ሲግናሉን ያበላሸዋል፤ ከተወሰነ ደረጃ በኋላ ብርሃን መጨመር መረጃ መቀነስ ነው። ፓርታ ሚትራና ጄሰን ስታርክ ይህን በ2001፣ ሬኔ-ዣን ኤሲያምብርና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2010 በዝርዝር አስልተው አሳዩ። የሞገዱ ጠባዮች ተቆጥረው አልቀዋል፤ ከፍታ፣ ፌዝ፣ ሁለት ፖላራይዜሽን፣ ቀለም። ነጥቦቹን ለመሃል በማድላት በንድፈ ሐሳብ ሊገኝ የሚችለው ትርፍ 1.53 ዴሲቤል ነው፤ አብዛኛው ተወስዷል።

ቀሪው ሒሳብ ቀላል ነው። ጉልበትን እጥፍ ማድረግ በአንድ ፖላራይዜሽን ለአንድ ምልክት ቢበዛ 1 ቢት ይጨምራል። ፋይበሩን እጥፍ ማድረግ ግን ሁሉንም ነገር እጥፍ ያደርጋል። የባሕር ኬብል ለማጉያዎቹ የሚያገኘው ኤሌክትሪክ ከዳርቻው ስለሆነና ውሱን ስለሆነ፣ ያንን ለጥቂት ፋይበሮች በብዛት ከመስጠት ለብዙ ፋይበሮች በጥቂቱ ማካፈል ይሻላል። ጉግል ከቨርጂኒያ ወደ ፈረንሳይ የዘረጋው ዱናንት ኬብል 12 ጥንድ ፋይበር ይዞ ለ250 ትሪሊዮን ቢት በሰከንድ ታቅዶ ተሠራ። አፍሪካን የሚዞረው 2አፍሪካ 45,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ እስከ 16 ጥንድ ይይዛል፤ ጅቡቲም ማረፊያው ናት።

ኢትዮጵያን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ወደብ ስለሌለን ከውቅያኖስ የሚመጣው ሁሉ መጀመሪያ በጎረቤት አገር ምድር ያልፋል፤ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የባቡር መስመሩ እንኳ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህ ርቀት የነጥብ ቁጥር ምርጫ ዋጋ የሚኖረው ርቀት ነው፤ ዘመናዊ ኮሂረንት መሣሪያም በሱ ላይ ጥሩ ይሠራል። መሣሪያ ግን በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፤ ጫፍ ላይ ያለውን ሳጥን ነቅሎ ሌላ መትከል ነው። የተቆፈረ ቦይ እንዲህ አይደለም። ከመደረብ የሚገኘው ትርፍ እያለቀ ባለበት በዚህ ዘመን መንገድ፣ ባቡር ወይም የኤሌክትሪክ መስመር በሚዘረጋበት ሁሉ አብሮ ፋይበር የሚቀብር መሥሪያ ቤት ካለ፣ ስለ ነጥብ አደራደር ብዙ ከመጨነቁ በፊት የክሮቹን ቁጥር ያብዛ። ዋጋ ያለው ቁፋሮው ነው፤ መስታወቱ ርካሽ ነው።